ጋረደው ግሪሳ ያስጎበኘ ዕለት

ጋረደው ዕድሜውን ሙሉ ከወፍ ጋር ተጣልቶ የኖረ ሰው ነው። ማጋነኔ አይደለም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከአርማጭሆ ተነሥቶ ከእናቱ ጋር ድንበር ሲሻገር ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ሾዋክ አጠገብ ካለው የስደተኛ ሰፈር ገብቶ ስሙን ባስመዘገበ በሦስተኛው ወር አንድ ባለሎሪ ሱዳናዊ ከመንገድ ጭኖ ወሰደውና ዳር ድንበሩ የማይታይ የማሽላ እርሻ መካከል፣ ማማ ላይ ሰቀለው። ወንጭፍ ሰጠው። በእጁ ወደ ሰማይ፣ ቀጥሎ ወደ ማሽላው፣ ቀጥሎ ወደ ራሱ አንገት እያሳየ ሥራውን አስረዳው። ጋረደው ዐረብኛ ባይችልም ገባው፤ እንዲህ ያለ ነገር በማንኛውም ቋንቋ ይገባል።

እንግዲህ ሠላሳ ስድስት ዓመት አንድ ሥራ ላይ የቆየ ሰው በሌላው አገር ጡረታ ይወጣል፣ ሽልማት ያንጠለጥላል አሉ። ጋረደው ያተረፈው የተወላለቀ የቀኝ ትከሻ፣ የጉልበት ቁርጥማትና ከሩቅ ወፍን ከቅጠል የሚለይ ዓይን ነው። በዚህ ላይ ባለትልልቅ እርሻዎቹ በአውሮፕላን መርዝ ማስረጨት ጀመሩና ወንጭፍ የያዘ ሽማግሌ የሚፈልግ ጠፋ። እውነታቸውን ነው፤ አውሮፕላን ጉልበቱን አያመውም፣ ምሳም ቆይቶብኛል ብሎ አያጉረመርምም።

ሥራ ፈትቶ ከደጁ ባለው የሣር ዳስ፣ ራኩባው ጥላ ሥር በተጎለተ በሁለተኛው ዓመት፣ ካርቱም በጦርነት ከመቃጠሏ በፊት በነበረው ጥቅምት መሆኑ ነው፣ ሁዜይፋ መጣ። ሁዜይፋ በዚያ በኩል ላለው ጥብቅ ጫካ የጠባቂዎች አለቃ ነው። ወላጆቹ የመተማ ሰዎች ናቸው፤ እሱ ግን ተወልዶ ያደገው እዚሁ ስለሆነ አማርኛውን ከእናቱ፣ ቁጣውን ከመሥሪያ ቤት ነው የተማረው። ጫካው ወደ ወድ ኤል ሒለው ሲሄዱ በስተግራ ወንዙን ተከትሎ ተዘርግቷል። ፍየል መግባት ክልክል ነው የሚል ሰሌዳም ተተክሎበታል፤ ፍየሎቹ ግን ማንበብ ስለማይችሉ ይገባሉ።

«አያ ጋረደው፣ ሹጉል፣ ሥራ አግኝቼልዎታለሁ» አለ ሁዜይፋ። «ሐዋጃ ሊመጣ ነው።»

ነጭ ሰው በዚያ አገር ሐዋጃ ነው።

«ምን ሊሠራ?»

«ወፍ ሊያይ።»

«አይቶስ?»

«አይቶ ይሄዳል።»

«አይበላትም?»

«ላ፣ ላ! ያያታል፣ ይጽፋታል፣ በቃ።»

ጋረደው ሁዜይፋን ትኩር ብሎ አየው። ጤነኛ ነበር። ሁዜይፋ ነገሩን ዘረዘረለት። የጫካው ቢሮ ከእንግዲህ ወፍ የሚያዩ እንግዶችን ሊቀበል ነው፤ ይሄ የመጀመሪያው ነው። ሐዋጃው ደስ ብሎት ከሄደ ጋረደው ቋሚ አስጎብኚ ይሆናል፤ ፎቶው የተለጠፈበት፣ ማኅተም የተመታበት ቢጣቃም ይሰጠዋል።

ቢጣቃ መታወቂያ ማለት ነው፣ በዚያ አገር ግን ከዚያም ይበልጣል። ቢጣቃ የሌለው ሰው ገዳሪፍ ድረስ ለመሄድ በየኬላው ከሎሪ እየወረደ ጢሙ ላልበቀለ ወታደር አያት ቅድመ አያቱን ሲቆጥር ይውላል። ጋረደው የስደተኛ ወረቀቱ ታጥቦ ታጥቦ ስሙ ከጠፋበት ዘመን ጀምሮ ከሾዋክ ወዲያ አላለፈም። ሠላሳ ስምንት ዓመት የኖረበት አገር አንድ ቀን እንኳ «ይሄ ሰውዬ እዚህ አለ» ብሎ ጽፎለት አያውቅም። ስለዚህ ማኅተም የሚለውን ቃል ሲሰማ ጉልበቱ የዳነ መሰለው።

ሚስቱ አልጋነሽ ነገሩን ስትሰማ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት የገመድ አልጋው፣ አንገረቡ ላይ ቁጭ አለች። «እኮ አንተ? አንተ ወፍ ልታስጎበኝ? ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ገና ሲያዩህ አገር ጥለው ይሰደዳሉ!» አለችው። «ላም አለኝ በሰማይ ነው እሱ ቢጣቃ» ብላም ጨመረችለት። ያም ሆኖ ሸሚዙን አጥባ በከሰል ካውያ ተኮሰችለት።

በቀጠሮው ቀን ሁዜይፋ አንድ አረንጓዴ ሰደርያ አለበሰው። ጀርባው ላይ በዐረብኛ የሆነ ነገር ተጽፎበታል፤ ምን እንደሚል ጋረደው አልጠየቀም፤ የመንግሥት ጽሑፍ መሆኑ በቃው። ሐዋጃው ቁመቱ የሎጊ ያህል ነው፣ አፍንጫው ላይ ነጭ ቅባት ተለቅልቋል፣ ደረቱ ላይ የተንጠለጠለው የርቀት መነጽር ብቻውን አንድ ጥንድ በሬ ይገዛል። አብራው ሶፊ የምትባል አስተርጓሚ አለች፤ የገዳሪፍ ልጅ ናት፣ ካርቱም ከአንድ አስጎብኚ ድርጅት ተቀጥራ ትሠራለች። አማርኛ፣ ዐረብኛና እንግሊዝኛ ትችላለች፤ ከሦስቱም በላይ ግን ነገር ማለስለስ ትችላለች።

ሐዋጃው መጀመሪያ ሥዕል የሞላበት ወፍራም መጽሐፍ አወጣና ለጋረደው ሰጠው፣ የሚያውቃቸው ካሉ ብሎ። ጋረደው ገለጠ። ወይ ጉድ! ሁሉም አሉ! አንድም አልቀረም! የተፈላጊ ሌቦች መዝገብ እጁ ላይ የወደቀ መርማሪ እንዲያ ነው የሚሆነው።

«ይቺን አውቃታለሁ፣ እሸት ላይ ናት። ድንጋይ አትፈራም፤ በጭቃ ነው የምትመታ። ይሄ ጥጋበኛ ነው፤ አንዱን ዛላ አይጨርስም፣ ከሁሉም እየቀመሰ ያበላሻል። እነዚህ ባልና ሚስት ናቸው፤ አንዱ አንተን ያታልላል፣ አንዷ ትበላለች። እነዚህ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይንቀላቸው፣ እነዚህ...»

ሶፊ ለስለስ ባለ ድምፅ ረጅም ነገር ተናገረች። ሐዋጃው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለጋረደው ጎንበስ አለ። ጋረደውም ሰው ወፍ ሲረገም ይህን ያህል ደስ የሚለው ከሆነ ሥራው ቀላል ነው ብሎ አሰበ።

እውነትም ቀላል ሆነለት። ሐዋጃው መነጽሩን ደቅኖ ዛፍ ለዛፍ ሲንከራተት ጋረደው እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ አንድ ጊዜ ያይና «ያውልህ፣ ከሁለተኛው ቅርንጫፍ ሥር ተደብቋል፣ ሌባ» ይላል። ወፉ እዚያው ይገኛል። ሐዋጃው በትንሽ ደብተሩ ይጽፋል። እስከ ምሳ ሥልሳ አንድ ዓይነት ወፍ ተጻፈ፤ ሥልሳ አንዱንም ያየው ጋረደው ነው። ሁዜይፋ ከኋላ ኋላ እየተከተለ «ታማም፣ አያ ጋረደው፣ ታማም!» ይላል፣ ወፎቹን እሱ የፈለፈላቸው ይመስል።

ምሳ ላይ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ፉል በዳቦ ሲበሉ ሐዋጃው አንድ ነገር ጠየቀ። ሶፊ ተረጎመች፤ «ወፎችን እንዲህ በጥልቀት ሊያውቁ የቻሉት እንዴት ነው ይላል።»

«ሲበሉብኝ ነዋ!» አለ ጋረደው።

ሶፊ ትንሽ አሰበችና ተናገረች። የሐዋጃው ዓይን እንባ አቀረረ። በኋላ ጋረደው ምን እንዳለችው ሲጠይቃት «ከልጅነቱ ጀምሮ እንጀራውን ከወፎች ጋር ተካፍሎ ኖሯል» ብዬ ነው አለችው። ውሸት አይደለም፤ ያለፈቃዱ ነው እንጂ ተካፍሏል።

ከምሳ በኋላ ሐዋጃው መጽሐፉን እንደገና ገለጠ። «እስካሁን ያየነው ሁሉ ግሩም ነው። እኔ ግን ባሕር አቋርጬ የመጣሁት ለዚህ ነው ይላል» አለች ሶፊ። ጣቱን ያሳረፈው ግሪሳ ላይ ነው። ያቺ ምንቃሯ ቀይ፣ መጠኗ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ፣ ብቻዋን ስትሆን የምታሳዝን፣ ከእህቶቿ ጋር ስትመጣ ግን አገር የምታጠፋ ግሪሳ።

ጋረደው ሥዕሉን አይቶ ሳያስበው አማተበ።

«መንጋው በምሽት ሲወርድ ማየት ይፈልጋል። በሚሊዮን ሲሆን ከዓለም ትልቁ ትርኢት ነው ይላል።»

እንዴት ያለ ነገር ነው! በእኛ ሰፈር ሰው ግሪሳ እንዳያይ ነው ለማርያም ጥላ የሚሳለው። ግሪሳ አይቶ ያለቀሰ ሞልቷል፤ ከፍሎ፣ በአውሮፕላን መጥቶ ለማልቀስ ተራ የያዘ ግን ይሄ የመጀመሪያው ነው። ሆኖም ሁዜይፋ ጋረደውን በዓይኑ ለመነው። «አያ ጋረደው፣ ይቺን ካሳዩልኝ አለቀ። ነገ ጠዋት ሙዲሩ፣ ዋናው ኃላፊ ጋ ገብቼ ቢጣቃዎን አስፈርማለሁ። ወላሂ!»

ጋረደው ጣቱን በምራቁ አርጥቦ ነፋሱን ለካ፣ ፀሐይዋን አየ፣ ወንዙ ዳር ያለውን ሸምበቆ አየ። ግሪሳ ለማደር ወደ ሸምበቆው ከመግባቷ በፊት የት ላይ እንደምትወርድ ለማወቅ ሠላሳ ስድስት ዓመት ተምሯል። «ከጫካው ዳር፣ ያቺ ጉብታ ላይ እንውጣ» አለ። «በፊታችን ነው የምታልፍ።»

ይቺ ናት የጋረደው ስሕተት። ከጉብታዋ ሥር፣ ከጫካው አጥር ወዲያ፣ በዚያ አገር የመሬት ልክ ሦስት ፈዳን የሆነ የሣህሊቱ ማሽላ አለ። ሣህሊቱ አበልጁ ናት፤ ልጇን ክርስትና ያነሣው ጋረደው ነው። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ሲሆን በዚያች ሦስት ፈዳን ነው ቤቷን የያዘችው። በሐምሌ ሰው ሁሉ ሲዘራ እሷን ወባ ጥሏት ነበርና ዘግይታ ዘራች። አሁን የሰው ማሽላ ሁሉ ደርቆ የሷ ብቻ ገና እሸት ነው፤ ሲጫኑት ወተት ይወጣዋል። ግሪሳ ደረቅና እሸት ባለበት አገር የቱ ላይ እንደምትወርድ ጋረደው ሊጠፋው? አልጠፋውም። ወባው ለቀቅ ሲያደርጋት እርሻዋን አርሶ ያዘራላት ራሱ ነው። ነገር ግን ቢጣቃ የገባበት ጭንቅላት የአበልጅ ማሽላ ቦታ አይተርፈውም፤ ነፋሱን ለካ፣ ፀሐይዋን ለካ፣ ሣህሊቱን ረሳ።

ጉብታዋ ላይ ወጥተው ተቀመጡ። ሐዋጃው ካሜራውን በሦስት እግር ላይ ተከለ። ማንም እንዳይናገር፣ ማንም እንዳይንቀሳቀስ ተባለ። ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቋ ሲቃረብ በወንዙ ማዶ ጭስ የመሰለ ነገር ተነሣ። ጭሱ ታጠፈ፣ ተዘረጋ፣ እንደገና ተጠቀለለ፤ ከዚያ ድምፁ መጣ። ሐዋጃው «ኦ!» አለ። ሌላ አላለም። ጉንጩ ላይ እንባው ከነጭ ቅባቱ ጋር ተቀላቅሎ ይወርዳል። መንጋው በራሳቸው ላይ አልፎ ጉብታዋን ዞረና የሣህሊቱ ማሽላ ላይ ወረደ።

የዚያኔ ቆርቆሮ ተመታ።

በዚያ ሰፈር አንድ ሕግ አለ፣ ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አይስተውም። በማሽላ ወራት ቆርቆሮ የሰማ ሁሉ ይመልሳል። እርሻው የማንም ይሁን፣ ባለቤቱ የተጣላህ ይሁን፣ ድንጋይ ጨብጠህ ትሮጣለህ፤ መሮጥ ካልቻልክ ባለህበት ቆመህ ትጮኻለህ፣ ሰው እንዳለ ይታወቅ ዘንድ። «ቆርቆሮ ሰምቶ ዝም ያለ» የተባለ ሰው ማኅበር አይጠራም፣ ልጁንም የሚያገባ የለም። ጋረደው ራሱ አንዱን ባለሱቅ በዚህ ስም ስድስት ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነሥቶታል።

ጋረደው ሰማና ዝም አለ። ጆሮ ዳባ ልበስ! ጉሮሮው ግን አልታዘዘም፤ ጩኸቱ እስከ ምላሱ ሥር መጥቶ በግድ ነው የዋጠው። ቆርቆሮው ደገመ። ቀጥሎ የሴት ድምፅ፣ «ኧረ የሰው ያለህ! ኧረ የወገን ያለህ!» እያለ መጣ።

ሐዋጃው ከካሜራው ቀና ብሎ ለሶፊ አንሾካሾከ። ሶፊም «ድምፁ ቀረጻውን እያበላሸበት ነው። ሴትየዋ ለአሥር ደቂቃ ብቻ ብትታገሥ ይላል» አለች። እሷም ብትሆን ይህን ስትናገር ወደ መሬት ነበር የምታየው።

አሥር ደቂቃ! ግሪሳ በአሥር ደቂቃ ሦስት ፈዳን በልታ፣ አፏን ጠርጋ፣ አልጋዋን አንጥፋ ትተኛለች።

«አያ ጋረደው፣ ያውቋታል አይደል?» አለ ሁዜይፋ። «ይውረዱና ዝም ያስብሉልኝ። አሥር ደቂቃ ናት፤ ቢጣቃዎ አለቀ ማለት ነው። ግሪሳዋ የበላችውን ያህል ቢሮው ይክሳታል ይበሏት።» ቢሮው ክሶ የሚያውቀው ሰው ካለ እስካሁን አልተወለደም።

ጋረደው ተነሣ። ቁልቁለቱን ቀስ ብሎ ወረደ። ጉልበቱ አሞት አይደለም፤ የሚናገረውን እያሰናዳ ነው። «አበልጄ፣ ለአሥር ደቂቃ...» ብሎ ጀምሮ ተወው። «ሣህሊቱ፣ የመንግሥት ትእዛዝ ነው...» ይሄም አልጣመውም። «ካሳ አለው...» እሱን እንኳ ለራሱ ሲለው አፈረ። ሰደርያውን አስተካከለ። ቢጣቃውን አሰበ፤ ፎቶውን፣ ክቡን ማኅተም፣ ኬላው ላይ ወታደሩ አይቶ «ይለፉ» ሲለው። ዕድሜውን ሁሉ የጠበቃት አንዲት ወረቀት። ምን ታድርግ ሣህሊቱ፣ ዘንድሮ ብትራብ ከርሞ ትጠግባለች፤ እሱ ግን ከርሞ አለው? እንዲህ እንዲህ እያለ ራሱን አሳምኖ አጥሩ ሥር ደረሰ።

ሣህሊቱ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ፣ በአንድ እጇ የዘይት ቆርቆሮ በሌላው ዱላ ይዛ ማሽላው መካከል ትሮጣለች። አየችው።

ጋረደው አፉን ከፈተ።

«እሰይ አበልጄ! መጣህልኝ!» አለች ከመድረሷ በፊት። «በላይ በኩል ያዝ! በላይ በኩል ናቸው!» አለችና ከትከሻዋ ላይ ወንጭፉን አውርዳ መዳፉ ላይ ጠቅ አደረገችለት። መልሱንም አልጠበቀች፤ ቆርቆሮዋን እየመታች ወደ ታች ሮጠች።

ጋረደው ወንጭፉን ይዞ ቆመ። ያ ሁሉ ያሰናዳው ንግግር የት እንደገባ ጠፋው። ሁለት ጊዜ እንኳ አልተነፈሰም። ጎንበስ ብሎ ድንጋይ አነሣ።

«ሃያ-ሃ-ሃ-ሃይ! ሆ! እናንተ የዲያብሎስ ወታደሮች!»

ወንጭፉ ጮኸ። የላይኛው መንጋ ግር ብሎ ተነሣ። ጋረደው ሮጠ፤ አዎ፣ ያ ጉልበቱ ራሱ ሮጠ። ትከሻው ተወላልቆ እስኪያቅለሸልሸው ድረስ ወነጨፈ፣ ጮኸ፣ ሰደበ፣ ደግሞ ጮኸ። ከሰፈሩ በኩል ሰው ይመልስ ጀመር፤ አንድ ድምፅ፣ ቀጥሎ አምስት፣ ቀጥሎ ቆርቆሮ ሁሉ። መንጋው ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ሦስት ጊዜ ሊወርድ ሞከረና በአራተኛው ወደ ሸምበቆው ዞረ። ጋረደው በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ እንዲያ ደስ ብሎት አያውቅም፣ አፈርሁበት ያለውን ነገርም ለጊዜው ረስቶታል።

ሁዜይፋ እየጮኸ ደረሰ። አንቱታው ጉብታዋ ላይ ቀርቷል። «አንተ! ያ ዞል! አብደሃል? አውልቅ! ሰደርያውን አውልቅ!» ጋረደው አወለቀና ሰጠው። ቢጣቃውም ከሰደርያው ጋር አብሮ ሄደ።

ሐዋጃው ላይ ምንም ጉዳት አልደረሰም። ሰውየው ምን ሆኖ ነው ብሎ ሲጠይቅ ሶፊ «በዚህ አገር ባህል ወፎችን ወደ መኝታቸው የሚሸኟቸው እንዲህ ነው» አለችው አሉ። ይህንንም ጻፈው። መንጋው ግር ብሎ ሲነሣ የቀረጸው ከሁሉ የበለጠ አማረለትና ተደስቶ አገሩ ገባ። ቋሚ አስጎብኚነቱን ግን ያገኘው የሁዜይፋ ሚስት ወንድም ጓንጉል ነው። ጓንጉል እንግዳ «ያ ምንድን ነው?» ሲለው «ወፍ ነው» ይላል። አንድ ቀን ተሳስቶ አያውቅም።

ሣህሊቱ ከሦስቱ ፈዳን የሁለቱን ያህል አተረፈች። ከዚያ ወዲህ በየማኅበሩ፣ በየለቅሶው «ከሐዋጃ ጎን ተነሥቶ፣ እንጀራውን ጥሎ የደረሰልኝ አበልጄ ነው፤ ሰው ማለት ሰው የሚሆን ነው ሰው የጠፋ ዕለት» እያለች ታወራለች። ሰውም «ይባርክህ» ይለዋል። ጋረደው ይህ ወሬ ሲነሣ ውኃ ሊጠጣ፣ ፍየል ሊያይ፣ ብቻ የሆነ ነገር ሊያደርግ ይወጣል። ቢጣቃውን ማጣቱ አንጀቱን አሳርሮታል፣ ምስጋናው ደግሞ ከዚያ የባሰ ያሳርረዋል።

ማሽላው ተወቅቶ ሲያበቃ ሣህሊቱ አንድ ጆንያ በአህያ ጭና ደጁ ድረስ አመጣች። ጋረደው አላወርድም አለ።

«ለምን?» አለችው።

አልጋነሽ ጓዳ መሆኗን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሣህሊቱ፣ እኔ የዚያን ዕለት ልረዳሽ አልነበረም የወረድኩ። ዝም ላሰኝሽ ተልኬ ነው። ይኸው። እንግዲህ የፈለግሽውን በይኝ።»

ሣህሊቱ የጭነቱን ገመድ መፍታቷን አላቆመችም።

«ታዲያ ያላወቅሁ መሰለህ?» አለች። «ሊረዳ የሚመጣ ሰው ይሮጣል። አንተ ሰደርያህን እያስተካከልክ፣ ከራስህ ጋር እያወራህ ነበር ስትወርድ። ያሰብከውን ብትናገር ኖሮ አበልጅነታችን እዚያው ነበር የሚያልቅ። አፍህን ስትከፍት ሳይ ነው ቀድሜ ወንጭፉን ያስጨበጥኩህ። በል አሁን በዚያ በኩል ያዝ፣ እናውርደው።»

ጋረደው በዚያ በኩል ያዘና አወረዱት።